ምንትዋብን ልሰልል ለንደን ሄጄ

ከተመለስኩ ወዲህ የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት ነው። አላየሁትም። በአጥሩ ሥር በአውቶቡስ አልፈናል አሉ፤ እኔ ያን ጊዜ አቀርቅሬ ሳንድዊቹ ውስጥ እንቁላል ይኑር አይኑር ስፈትሽ ነበር። ወንዙን ከሆነ አይቼዋለሁ። ቡናማ ነው፤ የኛን የበሬሳ ወንዝ በክረምት ያየ ሰው አይደነቅበትም። ብርዱንም ብዙ አስፈራርተውኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ለንደን ሹራቤን አውልቄ ነው የዋልኩት፤ የደብረ ብርሃንን ሰው በብርድ ማስፈራራት ይቅርባቸው። እዚያ ሄጄ ያየሁት ትልቁ ነገር ካርታ ጨዋታ ነው፤ ስለዚህ የምጽፈው እሱን ነው። ሌላውን ከፖስትካርድ ላይ እዩ።

ረቡዕ

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። ምንትዋብ የአጎቴ የአቶ ዘውገ ልጅ ናት። ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ እኔንና እሷን ሰው እህትማማች ነው የሚለን። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ብላ ወጥታ እዚያው ቀረች። ከሦስት ዓመት በፊት ታዲያ፣ ከለንደን ለለቅሶ የመጣ አንድ ሰው ድንኳን ውስጥ፣ እድርተኛው ሁሉ ተቀምጦ፣ «አቶ ዘውገ፣ የርስዎ ልጅ የለየላት ቁማርተኛ ሆናለች፤ ከወንዶች ጋር ካርታ ስትጥል ነው የምትውለው» አለ። አጎቴ የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንትዋብ ጎረቤት ቤት ስትደውል እኔ እየሮጥኩ ሄጄ አነጋግራታለሁ፤ እሳቸው ጥሪውን እንዳልሰማ ሰው ጓሮ ይወርዳሉ።

እሷ የግብዣ ወረቀትና ቲኬት ስትልክልኝ ጠሩኝ። «አንቺ ልጅ አፍሽ ክፉ ነው፤ ግን መዋሸት አትችይም። ሂጂና እይ። የሰው ወሬ ሰልችቶኛል፤ በዓይንሽ ያየሽውን አምጪልኝ። እውነት ከሆነ እውነት ነው በይኝና እርሜን ላውጣ» አሉኝ። አባት በሕይወት ያለች ልጁን እርሜን ላውጣ ሲል መስማት ቀላል አይደለም። ሻንጣዬ ውስጥ በሶ፣ ሽሮና በርበሬ ይዤ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ይህን ተሸክሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ሸኖ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ሸኖ በቅቤዋ የታወቀች ናት፤ እኛ ደግሞ ፍልሰታን ይዘናል። ረዳቱ ጎማ እስኪቀይር ቅቤ ሻጮቹ ቅቤያቸውን በመስኮት እያስሸተቱን ቆዩ። አዲስ አበባ ጭቃ በጭቃ ሆና ጠበቀችኝ። ማታ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ፣ ተኛሁ። ያስፈራል ሲሉኝ ነበር፤ ከሸኖው መንገድ ይሻላል፤ ሌላው ቢቀር ከወንበር ሥር ዶሮ የለም።

ሐሙስ

አየር ማረፊያው ላይ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ምን ልትሠሪ መጣሽ አለኝ። ልሰልል ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። «ዘመድ ልጠይቅ» አልኩት፤ እሱም እውነት ነው። ቀጥሎ ሻንጣዬን ከፈቱና በሶውን አወጡ። የገብስ ዱቄት ነው ብል ማን ይመነኝ። የሚበላ መሆኑን ላሳያቸው ብዬ አንድ እፍኝ ቃምኩላቸው። ደረቅ በሶ አፍ ሞልቶ እንግሊዝኛ መናገር እንደማይቻል ያን ዕለት ተማርኩ። አነቀኝ። አንዷ ሠራተኛ ጀርባዬን እየመታች ከራሷ ጠርሙስ ውሃ አጠጣችኝ፤ ከዚያ በሶውን በጥንቃቄ አስረው እንደ ቅርስ መለሱልኝ።

ምንትዋብ በር ላይ ቆማለች። ጸጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣለች፤ አልወደድኩትም፣ ነገርኳት። አቅፋኝ ስታለቅስ ቆየችና ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር ወደ ቤቷ፣ ወደ ፊንስበሪ ፓርክ ወሰደችኝ። በዚያ ባቡር ሰው ሁሉ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ጋርዶ ዝም ነው። የኛ አገር አውቶቡስ ቢሆን እስካሁን ሦስት ጋብቻ ይታረቅበት ነበር። እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም።

«ምንቴ፣ አባትሽ እንድሰልልሽ ነው የላኩኝ።»

ሳቀች። ጋዜጦቹ ሁሉ ዝቅ አሉ። «ሰላይ እንዲህ ብሎ ይናገራል እንዴ?»

«እኔ እናገራለሁ። ቁማርተኛ ነሽ?»

«ፖከር ነው የምጫወተው፣ ጓዲት ሰላይ።»

ጓዲት! ይህ ቃል እኛ ጋ ከተቀበረ ስንት ጊዜው። ለንደን ያለ ሰው አማርኛው ከአገር በወጣበት ቀን ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን በእንግሊዝኛ ነው የሚጠግነው።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አልኳት።

ሳቋ ጠፋ። «ቅዳሜ ታዪዋለሽ። ከመላው አውሮፓ ሰው የመጣበት ቱርናመንት አለ፤ ትናንት ሁሉንም አልፌ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ደርሻለሁ። መግቢያውንም ከትንንሽ ውድድር አሸንፌ ነው ያገኘሁት፤ ከደሞዜ አልነካሁም። ደህና ቦታ አቆምሻለሁ፤ አንድም ነገር እንዳታስቀሪ። ለአባባ ደግሞ እንዳታሳምሪልኝ።»

«እኔ አሳምሬ አውቃለሁ?»

«ስለማታውቂ አይደል አንቺን የላከሽ» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች። ከመስኮቱ ውጪ ግድግዳ እንጂ ምንም አልነበረም።

ዓርብ

ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ ሥሩ አትክልት ቤት አለ። አልጋዋን ለኔ ለቃ መሬት ተኛች። እንለዋወጥ ብላት «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ዝም በይ» አለች። ጠዋት በሶዬን በጥብጠን ጠጣንና ወደ ሥራዋ ይዛኝ ሄደች።

የምትሠራው የታክሲ ቢሮ ነው። ሰው ስልክ ይደውላል፣ እሷ በሬዲዮ ሾፌር ትልካለች። ሾፌሮቹ የብዙ አገር ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ይፈሯታል። ባለቤቱ አንድሪያስ የሚባሉ ሽማግሌ የቆጵሮስ ግሪክ ናቸው፤ እሷ «ጋሼ አንድሪያስ» ነው የምትላቸው፤ እሳቸውም ስማቸው መስሏቸው ተቀብለውታል። ፖከርን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሾፌሮቹ ጥግ ላይ ካርታ ሲጫወቱ እያየች።

ምሳ ሰዓት አንዱ ሾፌር የዶሮ ሳንድዊች ዘረጋልኝ። ጾም ነው አልኩት። አልገባውም፤ ዶሮውን አውጥቶ ዳቦውን ሰጠኝ። ጋሼ አንድሪያስ ብድግ አሉ። «የእመቤታችን ጾም? እኛም እኮ ይዘናል!» ብለው አማተቡ፤ እኛ ከግራ ወደ ቀኝ የምንለውን እሳቸው ከቀኝ ወደ ግራ አደረጉት፣ ግን ይሁን። ወጥተው ወይራ ፍሬ፣ ዳቦና የሰሊጥ ቅባት ይዘው መጡ። እየበላሁ፣ በጾም ካርታ መጫወት ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ምንትዋብ ስትተረጉም ፊቷ ቀላ። ሽማግሌው አሰቡበት። «ቄሴ እስኪጠይቁኝ እየጠበቅኩ ነው» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ምንትዋብ ጨዋታውን ባንኮኒው ላይ አሳየችኝ። «ሁለት ካርታ ላንቺ ብቻ ይሰጥሻል፣ ማንም አያይብሽም። አምስት ደግሞ መሃል ላይ ለሁሉም ይገለጣል። ያንቺን ከመሃሉ ጋር ታጋጥሚያለሽ። ግን ዋናው ካርታው አይደለም፣ ሰውየው ነው። ባዶውን ቁጭ ብሎ ሙሉ ነኝ ሊልሽ ይችላል።»

«ውሸታም ነዋ።»

«ሊዋሽ እንደሚችል ሁሉም ተስማምቶ ነው የሚቀመጠው። የማይፈቀደው ሌላ ነው፤ የሰው ካርታ ማየት፣ ከውጪ ሰው ምክር መቀበል። እሱን ያደረገ ስሙ ያልቃል፤ ማንም አብሮት አይቀመጥም።»

«እኔ አልችልበትም።»

«አንቺማ ካርታሽን ለጠረጴዛው ሁሉ እያዞርሽ ታሳያለሽ» አለች።

ቅዳሜ

ለዚህ ጉዞ ብዬ መርካቶ የገዛሁትን አዲሱን ጂንሴን ለበስኩ። ካዚኖው በር ላይ ግዙፉ ዘበኛ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ጂንስ አይገባም አለ። «አዲስ ነው!» አልኩት። አዲስነቱን አልካደም፤ ግን አይገባም። ምንትዋብ ሰዓቷን እያየች ላብ በላብ ሆነች። ያዳነችን ኮት የምትቀበለዋ ሴት፣ ግሎሪያ የምትባል ጃማይካዊት ናት። ለማታ የያዘችውን ጥቁር ጉርድ ቀሚስ አውጥታ መጋረጃ ጀርባ አለበሰችኝ። ከኔ ሁለት ይወጣታል፤ በመርፌ ቁልፍ ሰብስባ ያዘችልኝና «አሁን ልዕልት መሰልሽ፤ ብዙ አትተንፍሺ» አለችኝ። የለንደንን ልዕልት ያየሁት በመስታወት ነው።

እኔ የጠበቅኩት አዳራሽ የአረቄ ቤት ጓዳ ዓይነት ነበር። እኛ ጋ ካርታ ካለ አረቄ አለ፤ አረቄ ካለ ዱላ አለ። እዚህ ጨዋታ ላይ መጠጥ ሕጉ ይከለክላል አሉኝ፤ ስንቱ ጎምቱ ሰው ከረባት አስሮ ሻይ በወተት ይጠጣል። መስኮት የለም፣ የግድግዳ ሰዓት የለም፣ የሲጋራ ጭስ ግን እንደ ልብ ነው። ከሰው ድምፅ ይልቅ የሚሰማው ተጫዋቾቹ በጣታቸው የሚያንኳኩት፣ በገንዘብ ፋንታ የሚቆጠረው የመጫወቻ ጠገራ ነው፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሊጀምር ሲል እንደሚንጠባጠበው።

ተመልካች ከገመድ ጀርባ ነው የሚቆመው። ጋሼ አንድሪያስ ቢሮውን ዘግተው፣ የሰርግ ሱፋቸውን ለብሰው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ጠረጴዛው ላይ ዘጠኝ ሰው አለ፤ ስምንቱ ወንድ ነው። የውድድሩ ዳኛ፣ ሸበቶ ሰውዬ፣ እያንዳንዱን በስምና በአገር ጠራ። የሷ ተራ ሲደርስ ስሟን ሰባበረው፤ አገሯን ግን አልሰበረውም። «ኢትዮጵያ» አለ። አሥር ዓመት የለንደን ነዋሪ ናት እኮ፤ እንግሊዝ ብትል ማን ይከለክላታል። ቀጥ ብዬ ስቆም የመርፌ ቁልፉ ወጋኝ።

ጨዋታው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ካርታ ይሰጣል፣ ይጣላል፤ ይሰጣል፣ ይጣላል። የጣለ ያን ዙር ለሌላው ለቀቀ ማለት ነው። ጠገራው ያለቀበት ይወጣል። የመጀመሪያው ሰውዬ ሲወጣ የቀሩት ጠረጴዛውን በእጃቸው አንኳኩበት። ምን ዓይነት ብልግና ነው፣ ሂድልን ነው የሚሉት ብዬ ተናደድኩ። ጋሼ አንድሪያስ ግን፣ ክብር ነው፣ ጥሩ ተጫወትክ ማለት ነው አሉኝ። ምንትዋብ ብዙ ትጥላለች፤ ትጥልና ትጥልና ድንገት ጠገራዋን ወደ መሃል ትገፋለች፤ ያኔ ወንዶቹ ወደ ኋላቸው ይለጠጣሉ። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። አንዱ ፈረንሳዊ ሊያስቃት ይቀልዳል፤ ሻይዋን ታማስላለች። እኔ የማውቃት ምንትዋብ አንድ ነገር መደበቅ የማትችል ልጅ ነበረች። ስትወጣ ስትገባ ያሾፍኩባት ሴት ይህች ናት እንዴ አልኩ።

አምስት ሰው ሲቀሩ ጋሼ አንድሪያስ ሻይ ሊያመጡ ሄዱ። እኔ አንድ ቦታ መቆም አልችልም፤ ገመዱን ይዤ ዞርኩና ፊቷ ደህና አድርጎ ከሚታየኝ በኩል ቆምኩ። ቦታው የአንድ ባለቀይ ከረባት ተጫዋች ጀርባ ነው። ልብ አላልኩትም።

የመሃሉ አምስት ካርታ ሁሉ ተገልጧል። ሰውየው ያለውን ጠገራ በሁለት እጁ ጠቅልሎ ወደ መሃል ገፋው። ተራው የምንትዋብ ነው፤ ወይ በእኩል ጠገራ ትቀበለዋለች፣ ወይ ትጥላለች። ምንትዋብ አገጯን ይዛ አቀረቀረች። ቆየች። በጣም ቆየች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ አንድ ነገር አየሁ፤ አባቷ ሲቆጧት የምታሳየውን። አፌ ቀደመኝ።

«አይዞሽ ምንቴ! አትፍሪው!»

ቃሉ አዳራሹን ዞሮ ተመለሰ። ባለቀይ ከረባቱ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ዞረ። «ከኋላዬ ቆማ ነው! ካርታዬን አይታ በቋንቋቸው ነገረቻት!» አለ። ሰው ሁሉ ወደኔ። ሸበቶው ዳኛ መጣና በእርጋታ «ምንድን ነው ያልሻት?» አለኝ። ጋሼ አንድሪያስ ሻይ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከሩቅ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይለምኑኛል። መልካም ዕድል አልኳት ብል ማን ያውቃል? እኔ ግን መዋሸት አልችልም።

«አትፍሪው ነው ያልኳት» አልኩ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ።

«ኦ» አለ ሕዝቡ።

«ካርታውን አይተሻል?»

«አላየሁም። ባየውም አላውቀውም። እህቴ ስለሆነች ነው።»

ዳኛው ካርታ አዳዩን ጠየቀ። ያም የሰውየው ካርታ ከተሰጠ ጀምሮ በመዳፉ ሥር ተደፍቶ እንዳለ፣ አንዴም እንዳልተነሳ መሰከረ። ዳኛው ትንሽ አሰበና ፍርዱን ሰጠ፤ ልጅቷ ያየችው የለም፣ ጨዋታው ይቀጥላል፣ እሷ ወዲያ ማዶ ትቁም፣ ከእንግዲህ አዳራሹ ውስጥ ከእንግሊዝኛ በቀር እንዳይሰማ። ባለቀይ ከረባቱ እያጉረመረመ ተቀመጠ። እኔ ሁለት እጄን አፌ ላይ ጭኜ ማዶ ተሻገርኩ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አጭበርባሪ አሰኝቻታለሁ። የድንኳኑ ወሬ ከዚህ በምን ይብሳል፤ ይህን ያመጣሁባት እኔ እኮ ነኝ።

ምንትዋብ አላየችኝም። ሁለቱን ካርታዋን አነሳች፣ ገልብጣ ሁሉም እንዲያየው ዘረጋቻቸው። ከመሃሉ ጋር ሦስት ዘጠኝ፤ የሚጣል ካርታ አይደለም። ከዚያ በጣቷ ጫፍ ወደ አዳዩ ገፋቻቸው። ጣለችው።

ባለቀይ ከረባቱ ካርታዎቹን አየ፣ እሷን አየ። ማሳየት ግዴታው አይደለም ይላሉ ጋሼ አንድሪያስ። ግን የራሱን ገለበጠ። ባዶ። ምንም የለውም፤ እሷ ብትቀበለው ኖሮ የሚወጣው እሱ ነበር። ያን የተገለበጠ ካርታ ለጥቂት ጊዜ ሲያየው ቆየና ጠረጴዛውን በጡጫው አንኳኳ። አንዴ። ሌሎቹ ተከተሉ፤ አዳዩም። ከገመድ ጀርባ ያለው ሕዝብ የሚያንኳኳው ጠረጴዛ ስለሌለው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ እጄ አፌ ላይ ነው።

በቀራት ጥቂት ጠገራ ተዋግታ አራተኛ ወጣች። ከአውሮፓ ሁሉ አራተኛ! ያሸነፈው ባለቀይ ከረባቱ ነው። ሲያልፍ እኔ ጋ ቆመና፣ «በሚቀጥለው ለኔ ጩኺልኝ» አለኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ «አልጮህም» አልኩት።

ወጥተን አውቶቡሱ ፎቅ ላይ ተቀመጥን፤ ገና ፀሐይ አለ። በዚህች አገር በክረምታችን ፀሐይ መግቢያዋን ትረሳለች።

«ዳኛው ፈቅዶልሽ አልነበረም?» አልኳት። «ልትቀበይው ነበር?»

«አፍሽን ከመክፈትሽ በፊት ወስኜ ነበር። እጄ ጠገራው ላይ ነበር።»

«ታዲያ!»

«ታዲያ አባባን ምን ልትዪው ነበር? ከሰውየው ኋላ ቆሜ አትፍሪው አልኳት፣ እሷም አሸነፈች? አንቺ እንደሆንሽ አታስቀሪም።» ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሸች። «አራተኛ ይበቃኛል። ይህንን ንገሪው።»

እኔ መስኮቱን እያየሁ ነበር፤ ዓይኔን ማሳየት አልፈለግኩም። እዚያ ፎቅ ላይ ላለው ፈረንጅ ሁሉ፣ ይህች የአጎቴ ልጅ ናት ብዬ ብናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ

የቀረውን አላንዛዛም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ ያ ድንኳን ውስጥ ያወራው ሰውዬ ሰላም ሊለን መጣና አራተኛ መውጣቷን ሰምቻለሁ ብሎ ጨበጣት። እጁን ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት፤ እሱ ያውቃል። ኬኒንግተን ያለች ጓደኛዋ ገበታ ሙሉ የጾም ምግብ አብልታናለች፤ ዝናብ መትቶን በሰው ጃንጥላ ሄደናል። የግሎሪያን ቀሚስ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ከበርበሬ ጋር መለስኩላት። ከዚያ ተለቃቅሰን ተለያየን።

ደብረ ብርሃን ስደርስ አጎቴ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። እግራቸውን ስሜ ሳልጨርስ «አየሽ?» አሉኝ።

«አየሁ፣ ጋሼ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጭሱን፣ ሻዩን፣ ኢትዮጵያ መባሉን፣ ጩኸቴን፣ ሦስቱን ዘጠኝ። አላሳመርኩም። ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ዳኛው ይቀጥል አለ?»

«አለ።»

«እሷ ጣለችው?»

«ጣለችው።»

ብድግ አሉ። «ነይ» አሉኝ። በፍጥነት ሲሄዱ ከኋላ ተከተልኩ፤ የት እንደምንሄድ የገባኝ ቴሌ በር ላይ ስንደርስ ነው። ቁጥሩን እኔ አስመዘገብኩ። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አግዳሚው ላይ ሞልቷል። «ለንደን፣ ቁጥር ሁለት ይግቡ!» ተባለ። እሳቸው የስልክ ሳጥኗ ውስጥ ገቡ፤ በሩን መዝጋት ረሱት።

እጀታውን በሁለት እጃቸው ያዙ። በሩቅ የምንቴ ድምፅ ይሰማኛል፤ «ሄሎ? ሄሎ? ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምንትዋብ» አሉ፤ ከዚያ ድምፃቸው እድር ላይ እንደሚያደርጉት ከፍ አለ። «ስሚ! ዳኛ ይቀጥል ካለ ይቀጠላል! ሦስት ዘጠኝ ይዞ ማን ይጥላል? … ምን? … እኔ እንዲህ አድርጊ አልኩሽ? … ቆይ፣ ቆይ፣ አትሳቂ! … ታለቅሻለሽ እንዴ? … ሰውየው ባዶ እንደሆነ በምን አወቅሽ ቆይ፣ ንገሪኝ እስቲ …»

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ወረፋውን ረስቶ ወደ ሳጥኗ አንገቱን አስግጓል። ኦፕሬተሯ ከመስኮቷ ብቅ አለች። «አባት፣ ሦስት ደቂቃዎ አልቋል፤ ልቁረጠው?»

አጎቴ እጀታውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ዞሩ። «የምን መቁረጥ ነው!» ብለው ጮኹባት። «ከልጄ ጋር አይደለም እንዴ የማወራው!»